ብልጭ ድርግም የሚለው ባቡር

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። አጎቴ ከጀርመን ሲመጣ ዲጂታል የሞዴል ባቡር አምጥቶልኛል፤ ዲሲሲ የሚባለው ዓይነት፣ ከትልቁ በ87 እጥፍ ያነሰ። ችግሩ የፊት መብራቱ ነው። ፍጥነቱን አንድ ነጥብ ስጨምር ይበራል፣ ሌላ ነጥብ ስጨምር ይጠፋል፣ ደግሞ ስጨምር ይበራል። የመብራት ቁልፉን ብጫንም ባልጫንም ለውጥ የለውም። ሞባይል የሚጠግን ጓደኛዬ «ሽቦው ላልቷል፣ ልፍታውና በካውያ ልንካው» ይላል። እሺ ልበለው?

መልስ፦ እባክህ እንዳትሰጠው! ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን የላላ ሽቦ እንዲህ በሥርዓት አይበራም፣ አይጠፋም። የላላ ሽቦ ኩርባ ላይ ይጠፋል፣ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ይበራል፣ ደስ ባለው ሰዓት ነው። ያንተ ግን ነጥብ እየቆጠረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቆጣጠሪያው ለሎኮሞቲቩ ትእዛዝ የሚልከው በሐዲዱ በኩል፣ በ0 እና በ1 ነው። በድሮው አሠራር ፍጥነት 14 ደረጃ ብቻ ነበረው፤ በዚያው የፍጥነት ትእዛዝ ውስጥ አንዷ ቦታ ለመብራት ተይዛ ነበር። ኋላ 28 ደረጃ ሲመጣ ያችው ቦታ ለፍጥነት ተሰጠችና ለመብራት ሌላ ትእዛዝ ተሠራለት። አሁን ያንተ መቆጣጠሪያ በ28 ይናገራል፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር፣ ማለትም ትእዛዙን ተቀብሎ የሚፈታው ትንሽ ሰሌዳ፣ ደግሞ በ14 ይሰማል። ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ያቺን ቦታ አንዴ «አብራ»፣ አንዴ «አጥፋ» እያለ ይረዳታል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ አልተግባቡም እንጂ። በተቃራኒው፣ መቆጣጠሪያው በ14 ዲኮደሩ በ28 ቢሆኑ ኖሮ፣ መብራቱ ጭራሽ አይበራም ነበር፤ ያኔ ጓደኛህ አምፖሉ ተቃጥሏል ብሎ ይፈታልህ ነበር።

ማስተካከያው ሲቪ 29 ነው። ሲቪ ስል ሥራ ስትፈልግ የምታስገባውን አይደለም፤ የዲኮደሩ ሴቲንግ የሚቀመጥባቸው ቁጥር የወጣላቸው ሳጥኖች ናቸው። 29ኛው ሳጥን ውስጥ ያለው ቁጥር ድምር ነው። 1 ካለበት አቅጣጫው ይገለበጣል፣ 2 ካለበት በ28 ይሰማል፣ 4 ካለበት ዲጂታል ትእዛዝ በሌለበት በተራ ዲሲ ኤሌክትሪክም ይሄዳል፣ 32 ካለበት ረጅም አድራሻ (መቆጣጠሪያው ሎኮሞቲቩን የሚጠራበት ቁጥር) ይጠቀማል። በመቆጣጠሪያው አንብበው። 4 ካሳየህ 6 ጻፍበት፣ 36 ካሳየህ 38፤ በቃ 2 መጨመር ነው። ስታደርገው በፕሮግራም ሐዲዱ፣ ማለትም ሴቲንግ በሚቀየርበት ሐዲድ ላይ፣ ያ ሎኮሞቲቭ ብቻውን ይቁም፣ ሌላ አብሮት ካለ የሱንም ቁጥር ትቀይርበታለህ።

ይህን አድርገህም ኩርባ ላይ የሚርገበገብ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቆሻሻ ነው። ኮምቦልቻ አቧራዋን ታውቀዋለህ። ሐዲዱንና ጎማዎቹን ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረግ፤ ላጲስም ለሐዲዱ ይሠራል። ብርጭቆ ወረቀት ግን አደራ! ሐዲዱን ይጭረውና ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ስትጠርግ ልትኖር ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ደሴ ሆጤ አካባቢ። ያገለገለ ዲጂታል ሎኮሞቲቭ በሰው በኩል ገዛሁ። መብራቱ ሲታዘዝ ይበራል ይጠፋል፣ ሂድ ሲሉት ግን ንቅንቅ የለም። ሞተሩ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽሩ መምህር፣ አልሞተም ብዬ እጠረጥራለሁ። መብራቱ ከታዘዘልዎት አድራሻው ትክክል ነው፣ ዲኮደሩም ይሰማል። ሲቪ 19ን ያንብቡ። ሁለት ሎኮሞቲቭ እንደ ጥማድ በሬ ተጣምረው ረጅም ባቡር ሲጎትቱ የጋራ አድራሻ የሚሰጣቸው እዚያ ነው። እዚያ ቁጥር እስካለ ድረስ ሎኮሞቲቩ ፍጥነት የሚቀበለው ከጋራው አድራሻ ብቻ ነው፤ በራሱ አድራሻ መብራት ያበራል፣ አይሄድም። የቀድሞው ባለቤት ከጥማዱ ለይቶ ሸጦልዎታል፣ ቀንበሩን ግን አላወረደለትም። 0 ይጻፉበት።

ቀድሞውኑም 0 ከሆነ፣ ያኔ ሞተሩን እንይ። ብርቱካንማውና ግራጫው ሽቦ ወደ ሞተሩ የሚሄዱ ናቸው፣ መነቀል አለመነቀላቸውን ይመልከቱ። ቀዩና ጥቁሩ ከሐዲዱ ነው የሚመጡት፣ መብራቱ እየበራ ስለሆነ እነሱን አይንኳቸው። ብዙ ዲኮደሮች ላይ ሲቪ 8 ውስጥ 8 ቢጽፉ ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል፣ አድራሻውም 3 ይሆናል፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው፣ የቀድሞው ሰው ደክሞ ያስተካከለው መብራትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋላ።

ጥያቄ፦ እኔም ከደሴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ባቡሩ ማንም ሳይነካው በሙሉ ፍጥነት ተነስቶ ይሮጣል። ባለፈው ከጠረጴዛ ወድቆ ተረፈ። ጂን ነው ወይ?

መልስ፦ ጂኑ ከላይ ያልኳት 4 ናት። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ዲኮደሩ ሐዲዱ ላይ ያገኘው ዲጂታል ካልመሰለው ተራ ዲሲ ነው ብሎ ይነሳል። ሲቪ 29 ላይ 6 ካለህ 2 አድርገው፣ 38 ካለህ 34። ከዚያ በኋላ በድሮው ተራ ዲሲ መቆጣጠሪያ አይሄድልህም፤ ያ የሚያስፈልግህ ከሆነ ቁጥሩን ተወውና መብራት በሄደ ቁጥር መቆጣጠሪያውን ከሶኬት ንቀለው።