«ሚክሰሩ መጥቷል፣ ፈርሚ» ሲሉሽ

ጠያቂያችን የሲቪል ምህንድስና ምሩቅ ናት። አምስት ኪሎ የባቡር ምህንድስና ማስተርሷን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቷታል። እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ትልልቅ የከተማ ባቡር ፕሮጀክቶች ላይ ‹ገለልተኛ ማረጋገጫ› የሚባል ሥራ እንዳለ ሰማሁ። ከሱፐርቪዥን በምን ይለያል? አዲስ አበባ ውስጥስ እንጀራ ይሆናል? አሁን አንድ የሕንፃ ኮንትራክተር በሳይት መሐንዲስነት ሊቀጥረኝ ነው። እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። አባቴ ግን ‹የሰው ስህተት እየፈለጉ መኖር ጠላት ማፍራት ነው› ይለኛል።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት ስታዲየም አካባቢ ካፌ ተቀምጬ ነው። ባቡሩ ከፊቴ በድልድዩ ላይ ሲያልፍ አየዋለሁ። ስለዚህ ከእሱው ልጀምር።

ከዚህ እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውም፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደውም እዚህ ይገናኛሉ። 39 ጣቢያ፣ ወደ 34 ኪሎ ሜትር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር። ከገንዘቡ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ተገዝተውለት ነበር። ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። ኮንክሪቱ አለ፣ ሐዲዱ አለ፣ ተሳፋሪው ግን ጠዋት ጠዋት ጣቢያ ላይ ተጨናንቆ ይጠብቃል።

ገለልተኛ ማረጋገጫ የሚሠራ ሰው ጥያቄው እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት «በአምስተኛው ዓመት መለዋወጫው ከየት ይመጣል? በየትኛው የውጭ ምንዛሪ? መብራት ሲጠፋስ ባቡሩ ምን ይሆናል?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል። አጥጋቢ መልስ ካላገኘ ለገንዘቡ ባለቤት ይናገራል። ሥራው ፌሮ መቁጠር ብቻ አይደለም።

ከሱፐርቪዥን የሚለየው በዚህ ነው። ኮንትራክተሩ የራሱ ጥራት ተቆጣጣሪዎች አሉት። ሱፐርቪዥን የሚሠራው አማካሪ በየቀኑ ሳይት ላይ ውሎ ሥራውን ያያል፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ይፈርማል። ሦስተኛው ሰው፣ ገለልተኛ አረጋጋጩ፣ ግን አይገነባም፣ ክፍያም አያጸድቅም። ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ዲዛይን ሲያልቅ፣ መስመሩ ከመከፈቱ በፊት እየመጣ የሁለቱንም ሥራ ይመረምራል። ኦዲተር በአብዛኛው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ይመጣል። ይሄኛው ገና ማስተካከል በሚቻልበት ጊዜ ነው የሚደርሰው።

አሁን ለምን «ገለልተኛ» የሚለው ቃል ላይ እንደምጨቀጭቅ ልንገርሽ። ወጣት እያለሁ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ የአማካሪው ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አንድ ቀን ማምሻውን የኮለን ካስቲንግ፣ ማለትም የምሰሶ ኮንክሪት ሙሌት፣ ሊደረግ ነው። ሜትሬን አውጥቼ በስታፋዎቹ፣ ቋሚ ፌሮዎቹን በሚያስሩት ቀለበቶች፣ መካከል ያለውን ርቀት ለካሁ። ስዕሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ነው የሚለው። እኔ ያገኘሁት 25። አንዱ ኮለን ላይ እንዲያውም እጄ እስከ ክንዴ ገባ። ሚክሰሩ በር ላይ ቆሞ ይዞራል። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ ኮንክሪቱ ሊደርቅ ነው» ይለኛል። አለቃዬ ደወለና «ፈርም፣ ነገ እናየዋለን» አለኝ። አልፈረምኩም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሌላ ሳይት ተዛወርኩ። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ፈረመ።

ይህን የምነግርሽ ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም። ያ ኮለን ዛሬም አምስት ፎቅ ተሸክሟል፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፍያውን የሚለቅለት ሰው ያው ሕንፃው በቀኑ እንዲያልቅ የሚገፋው ሰው ነበር። የእኔ ሪፖርት ደግሞ ከእሱ ጠረጴዛ አያልፍም። ሐቀኛ ብትሆኚም ሪፖርትሽ የሚደርሰው ችግሩን መስማት ለማይፈልግ ሰው ከሆነ ኮለኑ ያው ይሞላል። ስለዚህ የትም ስትቀጠሪ ደሞዝ ስንት ነው ከማለትሽ በፊት «ሪፖርቴ ለማን ይሄዳል?» ብለሽ ጠይቂ።

ትክክለኛው በር ተከፍቶም የማይሰማበት ጊዜ አለ። ለንደን ውስጥ ክሮስሬይል የሚባለው ትልቅ የባቡር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ይከፈታል ተብሎ ነበር። ስፖንሰሮቹ የቀጠሩት ገለልተኛ ወኪል ቀኑ አደጋ ላይ መሆኑን በሪፖርቶቹ አስጠንቅቆ ነበር። መዘግየቱ በይፋ የተነገረው ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። መሐል ከተማውን የሚያቋርጠው መስመር የተከፈተው በሜይ 2022 ነው። ከዚህ የምወስደው ለሙያው የሚጠቅም ነገር አለ። ማስጠንቀቂያ በ80 ገጽ መሐል ከተቀበረ ማንም አያየውም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ተማሪ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

ሆንግ ኮንግ ደግሞ ሁንግ ሆም ጣቢያ ላይ የሆነውን አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮፕለር ውስጥ፣ ማለትም ሁለት ፌሮ በሚያገናኘው ማያያዣ ውስጥ፣ መግባት የነበረባቸው የፌሮ ጫፎች ተቆርጠው፣ የገቡ መስለው እንደተተዉ ወጣ። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በኋላ አንዳንድ የምርመራ ቅጾችም እንደሌሉ ታወቀ። ያልተመዘገበ ምርመራ እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው።

እንጀራስ ይሆናል ወይ? እዚህ ከተማ ውስጥ «ገለልተኛ አረጋጋጭ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አትጠብቂ። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ። አበዳሪ ባንኮች የሚልኳቸው ገምጋሚዎች፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር የክዋኔ ኦዲት፣ የግንባታ መረጃ ይፋ እንዲሆን አድርጎ በገለልተኛ ባለሙያ የሚያስመረምረው ኮስት የተባለው የግልጽነት ኢኒሼቲቭ አሉ። የባቡር ሲግናል ላይ ደግሞ የደህንነት ገምጋሚነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ኢኤን 50126 እና 50129 የሚባሉትን የአውሮፓ የባቡር ደህንነት ስታንዳርዶች ከአሁኑ ማንበብ ጀምሪ። ሲቪል ብቻ ይዘሽ ከቀረሽ ግማሹ ባቡር ያመልጥሻል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ምናልባት ያልጠበቅሽው ነው። የኮንትራክተሩን ሥራ ውሰጂው። ሁለት ሦስት ዓመት ሥሪ። ስታፋ እንዴት እንደሚዘለል፣ ቅጽ እንዴት ከኋላ ተሞልቶ እንደሚመጣ ከውስጥ ሳታዪ ገምጋሚ ብትሆኚ ወረቀት ብቻ ነው የምታነቢው። ከወጣሽ በኋላ ግን የዚያን ድርጅት ሥራ እንድትገመግሚ ቢጋብዙሽ እምቢ በይ። ያላየሽውን ደግሞ አትፈርሚ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን።

አባትሽ ያሉት እውነት አለው። ጠላት ታፈሪያለሽ። ግን ቀድመሽ፣ በግልጽ፣ ፊት ለፊት የነገርሽው ሰው ብዙ ጊዜ ቂም አይይዝም። የሚቀየመው ሳይሰማ ከላይ ሲመጣበት ነው። ስለዚህ ሪፖርቱን ከመላክሽ በፊት ረቂቁን ለሚመለከተው ሰው አሳዪ፣ መልሱን ተቀበዪ፣ መልሱንም አብረሽ ላኪ።

ዓርብ ስትሄጂ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ካስቲንግ ሌሊት ሲሆን የሚፈርመው ማነው፣ የፈረመውስ ሳይት ላይ ቆሞ ነው ወይስ ጠዋት ቢሮ ሲገባ? ያሉሽን ጻፊልኝ።