«ጥቁር ነው፣ ምንም አይታየንም» ለሚሉ ልጆች

ሰላም መምህርት። ለ4ኛ ክፍል የወረቀት ማይክሮስኮፕ ቢገዛ በእርግጥ ይሠራበታል ወይስ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ብለው ጠይቀዋል። እኔ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ሦስት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ይሠራበታል፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ተስፋ እንዳያስቆርጥዎ።

የእኛው ፎልድስኮፕ ነው። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቁት፣ ታጥፎ የሚገጣጠም ወረቀት ነው። ሌንሱ አንዲት ትንሽ የመስታወት ኳስ ስትሆን 140 ጊዜ ያህል ታጎላለች።

በመጀመሪያው ቀን የሽንኩርት ልጣጭ አዘጋጅቼ «ምን አያችሁ?» ስላቸው «ጥቁር ነው ቲቸር» አሉኝ። አንዱ «እግር ያለው ትል!» ብሎ ጮኸ፤ ለካ የራሱን ሽፋሽፍት ነው ያየው። የቀሩት ጠርዙ የጠቆረ ክብ ሥለው አመጡልኝ። ሴል መስሎኝ ለሦስት አራቱ ራይት ካደረግሁ በኋላ ነው የአየር አረፋ መሆኑ የገባኝ!

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የአረፋ ነው። ንጹሕ ውሃ ጠብ አድርገን ሆን ብለን አረፋ እናስገባበታለን። አይተው ይሥላሉ፣ ከሥሩ «ይህ አረፋ ነው» ብለው ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ቀን ሽንኩርት ሲያዩ አረፋውን ራሳቸው ለይተው ይተዉታል።

ሽንኩርቱ ቀይ ይሁን። ወይን ጠጅ ቀለም ካለው ውጫዊ ገጽ ስስ ልጣጭ ከወሰዱ ሴሎቹን የሚያቀልም አዮዲን አያስፈልግም፤ ሴሎቹ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድረው ይታያሉ። ልጣጩ ከታጠፈ ግን ምንም አይታይም። ቀጥሎ ደረቅ ሣር ከኩሬ በተቀዳ ውሃ ነክረው አራት አምስት ቀን ያቆዩት። የሚዋኝ ነገር ያየ ልጅ ማይክሮስኮፑን ለጓደኛው አይለቅም። ከዚያ በኋላ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

ወደ ፀሐይ አቅንተው እንዳያዩ ደጋግመው ያስጠንቅቋቸው፤ ብሩህ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ከምሳ እረፍት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜም ይሽሹ፤ በወጥ የወዛ ጣት ሌንሱን ከነካው ቀኑን ሙሉ ጭጋግ ነው። ስልክ ገጥሞ ማሳየት ይቻላል፣ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ነው የማደርገው። ቀድመው በስልክ ካዩ ዓይናቸውን አስጠግተው ለመፈለግ ይሰንፋሉ።

ከላፕቶፕ ጋር የሚሠራውን ማይክሮስኮፕ አልመክርም፤ አንድ ስክሪን ለ60 ልጅ ያው ቴሌቪዥን ነው፣ መብራትም ይጠፋል።

ብዛቱን በተመለከተ 10 ይበቃል። ለስድስት ልጅ አንድ ደርሶ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ቢያይ 12 ደቂቃ ነው፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የቀረው ለሥዕል ይሆናል። ሽንኩርቱን ግን ራስዎ ይግዙ። እኔ አንድ ጊዜ «ከቤት አምጡ» ብዬ የወላጅ ስልክ ሳስተናግድ ዋልኩ።