ሜትር ይዞ ዛፍ መለካት ትልቅ ሥራ ነው

ጥያቄ፦ የደን ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የክረምቱን የተግባር ልምምድ አራት ኪሎ አካባቢ በአረንጓዴ ልማት ሥራ ላይ አሳለፍኩ። ሜትር ይዤ የመንገድ ዳር ዛፍ ስለካና ችግኝ ስንከባከብ ከረምኩ። ጓደኞቼ ቢሮ ተቀምጠው ካርታ ሲሠሩ ነበር። ሲቪዬ ላይ ባልጽፈው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጻፊው። ያውም ጎላ አድርገሽ።

አንቺ የሠራሽው የዛፍ ቆጠራ ነው። የቱ ይገረዝ፣ የቱ ይቆረጥ፣ የቱ ይቆይ የሚለው ውሳኔ የሚነሳው ከዚያ ነው። ካርታ የሚሠሩት ጓደኞችሽም መረጃውን ከመስክ የሚያመጣላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ግን "ዛፍ ለክቻለሁ" ብለሽ አትለፊው። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ ለክቶ ለ3.14 ማካፈልን ክፍል ውስጥ ሁሉም ተምሯል። ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውፍረቱ 30 ገደማ ነው፤ አለቀ። የመንገድ ዛፍ ግን እንደ መጽሐፉ አይቆምም። ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት የተከፈለ ጃካራንዳ ሲገጥምሽ ምን አደረግሽ? ተዳፋት ላይ የቆመ ጽድስ? ሁለቱን ግንድ ለየብቻ፣ ተዳፋቱን ደግሞ ከላይኛው በኩል ቆመሽ ከለካሽ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሪው ይህንን ነው። ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ ያነሳ፣ ግርጌው በሲሚንቶ የታፈነ፣ ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ የነካ ዛፍ መዝግበሽ ከሆነም ጻፊው። ያልሠራሽውን ግን አንድም አትጨምሪ። ሁለት ጥያቄ ሲከተል ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ወደዚያው መንገድ ተመለሽ። በክረምት ሁሉም ችግኝ ያማረ ይመስላል፤ እውነቱ የሚታየው በበጋ ነው። ሱፐርቫይዘርሽን አስፈቅደሽ፣ የተከላችሁትን ዝርዝር ይዘሽ የጸደቀውንና የደረቀውን ቁጠሪ። የደረቀው ለምን ደረቀ? ውሃ አጥቶ ነው? ተረግጦ ነው? ወይስ ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት ተተክሎ? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስንትና ስንት ችግኝ ተተክሏል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። የጽድቀት መጠኑን ራሷ ቆጥራ፣ ምክንያቱን ለይታ የመጣች ጀማሪ ካለች፣ እኔ መጀመሪያ የምጠራት እሷን ነው።

ካርታውንም ችላ አትበይ። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ የራስሽን ዝርዝር አስገብተሽ ተለማመጂበት።

ስታመለክቺ የመንግሥት ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቂ። በኮሪደር ልማቱ የአረንጓዴ ሥራ የያዙ ተቋራጮች አሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያጠኑ አማካሪ ድርጅቶችም ዛፍ ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሱፐርቫይዘርሽ ሳይረሱሽ የምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው። "በትጋት ሠርታለች" የሚል ብቻ ከሆነ ብዙ አይጠቅምሽም። የለካሽበትን መንገድና የሠራሽውን በዝርዝር እንዲጠቅሱልሽ በትህትና ንገሪያቸው።