አባታችን ኪኒን እያጡ እህቴ ለምርምር ትሰጣለች

ጥያቄ፦ አባታችን በቢቸና አካባቢ ብራና ሲጽፉ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ፊደላቸው ይጠብ ጀመር፤ መስመሩን በደህና ጀምረው መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጤፍ ያክላል። ቀጥሎ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ እግራቸው ይጎተት ጀመር። ፓርኪንሰን ነው ተባለ። ኪኒኑ ሲገኝ ደህና ናቸው፤ ሲጠፋ አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳ ያቅታቸዋል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በየዓመቱ ለበሽታው ምርምር ገንዘብ ታዋጣለች። «አባትሽ ኪኒን እያጡ ለጥንቸልና ለአይጥ ትከፍያለሽ?» ብዬ ተቀየምኳት። ተሳስቻለሁ ወይ ዶክተር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህ ኪኒን ይቀድማል፤ በዚህ ልክ ነህ። አባትህ የሚውጡትን፣ ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉበትን መድኃኒት ድንገት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። እንዲበረክት ብላችሁም እየገመሳችሁ አትስጧቸው። እህትህ ከምታዋጣው ላይ በቅድሚያ የሦስት ወር ኪኒን ይገዛ።

የጥንቸሉን ነገር ግን መልሰህ አስበው። ሌቮዶፓ እ.ኤ.አ. በ1913 ከባቄላ ተለይቶ ወጣ፤ እኛ እሸቱን ፈልፍለን ከምንበላው ከዚያው ባቄላ። ጥቅሙን የሚያውቅ ስላልነበረ ከአርባ ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀመጠ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት ላደነዘዛቸው ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ሰጣቸው፤ ነቅተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ1960 ቪየና ውስጥ የሞቱ የፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ሲመረመር፣ ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ዶፓሚን ተመናምኖ ተገኘ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ በአፍ ሲሰጥ ሕሙማኑ በግልጽ ተሻላቸው። ያን ጊዜ ለጥንቸል የሚከፍል ባይኖር፣ አባትህ ዛሬ የሚጠብቁት ኪኒን ባልኖረ።

ይህ ኪኒን አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን ተለውጦ የጎደለውን ይተካል እንጂ ዶፓሚን የሚሠሩትን የአንጎል ሴሎች መሞት አያስቆምም፤ የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ የዘረመል ጥናቱ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው በአውሮፓውያን ደም ላይ መቆየቱ ነው። በ2023 ብዙ ናይጄሪያውያን የተካተቱበት ጥናት ሲወጣ፣ ጂቢኤ1 በሚባለው ዘረመል ላይ በአውሮፓውያን ዘንድ እምብዛም የማይገኝ፣ ለበሽታው የሚያጋልጥ ለውጥ ተገኘ። ሰው ገንዘብ አውጥቶ የአፍሪካን ሰው ባያጠና ይህ ተሰውሮ ይቀር ነበር። ስለዚህ እህትህን ተይው አትበላት፤ አፍሪካውያንን ለሚያጠኑት ስጪ በላት። ታርቃችሁ ተነጋገሩበት።

ባቄላውን ግን በኪኒን ቦታ አትተኩት፤ በውስጡ ያለው መጠን አይታወቅም። ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይዋጡ፤ የሥጋውም የሽሮውም ፕሮቲን ይሻማዋልና። በጾም ሰዓት አልውጥም ካሉ የንስሐ አባታቸውን አነጋግር።

አንድ ነገር ልለምንህ። መሪጌታ ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት አንድ መስመር፣ ከዋጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ መስመር ይጻፉ፤ ሰዓቱን ከጎኑ መዝግብ። የሳምንቱን ወረቀት ለሐኪማቸው ውሰድለት፤ ፊደሉ የሚጠብበትን ሰዓት አይቶ መጠኑን ለማስተካከል ይረዳዋል።