ሳጥኑን ሳትከፍቱ አትፈርሙ

ልጆቼ፣

ስልኬ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ከማላውቀው ሰው ይደወላል። ከደምበጫ፣ ከቡሬ፣ ከሞጣ፣ ከቢቸና። «ጋሼ፣ ጫጩት ስንት ገባ?» ይሉኛል። ስለ መኖ ይጠይቁኛል፣ ስለ ብድር ይጠይቁኛል። «ስረከብ ጫጩቷን ምኗን ልይ?» ያለኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እኔ በእንስሳት ጤና ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ደብረ ማርቆስ ላይ ራሴም ዶሮ ልጀምር አልሁና 300 የአንድ ቀን ጫጩት አዘዝሁ። ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ጠዋት ደረሱ። የሾፌሩ ዐይን ደም መስሏል፣ ዝናቡ ያካፋል። አንዱን ሳጥን ከፈት ሳደርግ የሆነ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ። ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ይህን ሰው ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ እንዴት ሳጥኑን መልስ ልበለው? ፈረምሁ። በአምስት ቀን ውስጥ 61 ቀበርሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እኔን ግን ማንም አላታለለኝም። ይሉኝታዬ ነው የጣለኝ።

እናም ምልክቶቹን ማወቅ ቀላል ነው። አይታችሁ «ይህን አልረከብም» ማለት ነው ከባዱ። በተለይ ለእኛ ለጎጃሞች። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሳጥኑ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ አዳምጡ። ጤነኛ ጫጩት ይንጫጫል፣ ግን ለስለስ ብሎ ነው። ሁሉም ጉሮሯቸውን ከፍተው ከጮሁ በርዷቸዋል ወይ ጠምቷቸዋል። ጭራሽ ዝም ካሉ የባሰ ነው። እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ በ20ኛው ቀን እንቁላሉን አንስታ ጆሮዋ ላይ ታደርግ ነበር። ውስጥ ያለችውን ጫጩት ድምፅ ሰምታ ፈገግ ትላለች። በማግስቱ 21ኛው ቀን ነው፣ ጫጩቶቹ ይወጣሉ። ትምህርት ቤት አልገባችም፣ ግን ጆሮዋን ታምን ነበር።

ከዚያ እጃችሁን አስገቡ። ከላይ ያሉትን ብቻ አትዩ። ከየሳጥኑ ከመሐልም ከጥግም እያነሳችሁ አሥር ያህል መርምሩ። አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረኝ የማየው እምብርቷን ነው። ጫጩት ከመፈልፈሏ በፊት የቀረውን አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። ይህ ስንቋ ነው። ያለ መኖ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት የምትችለው በዚህ ነው። ከቢሾፍቱ ተጭና አባይ በረሃን አቋርጣ እኛ ዘንድ የምትደርሰውም በዚሁ ስንቅ ነው። (ትችላለች ማለት ግን ይገባታል ማለት አይደለም። ቶሎ በበላች ቁጥር ይሻላታል።) ስንቁ ከገባ በኋላ በሩ መዘጋት አለበት። እንቁላሉ ወይም የመፈልፈያ ማሽኑ ቆሻሻ ከነበረ፣ ወይም ሙቀቱና እርጥበቱ ከተዛባ፣ በሩ በደንብ አይዘጋም። ተህዋሲያን ይገቡና ስንቁ ሆዷ ውስጥ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ገልብጧት፣ የሆዷን ላባ በአውራ ጣት ገለጥ አድርጉ። ጥሩ እምብርት ደረቅና የተዘጋ ነው፣ ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ጥቁር ቁልፍ የመሰለ ነገር ካለበት፣ ክር ከተንጠለጠለበት፣ ከቀላ ወይም እርጥብ ከሆነ ያቺን ለይታችሁ አስቀምጡ። ሆዷ እንደ ፊኛ የተወጠረች፣ ወይም ስትነካ የምትልፈሰፈስና የምትሸት ከሆነች ደግሞ አትከራከሩ፣ አትረከቧት። ሰው እዚህ ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ያጠጣል። ሆዷ ውስጥ የበሰበሰውን አስኳል እንዲህ አታድኑትም። ገንዘባችሁን ነው የምታጠጡት።

እግሯ የሚያብረቀርቅና ሞላ ያለ ይሁን። የተጨማደደና የደረቀ እግር ውሃ የጠማት ጫጩት ምልክት ነው። መገጣጠሚያው ቀልቶ ያበጠ፣ ጣቱ የተጣመመ፣ ምንቃሩ የተጣመመ ይቅርባችሁ። ከኋላዋ ነጭ ኩስ ተለጥፎባት ካያችሁ ተጠንቀቁ። ከእናትየው በእንቁላል በኩል የሚተላለፍ የሳልሞኔላ በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ አንድ ሳጥን ላይ አይቆምም።

አሁን የምወደው ፈተና። ጫጩቷን በጀርባዋ አስተኟትና ልቀቋት። ጎበዝ ጫጩት በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ተገልብጣ ትቆማለች። እግሯን እያወራጨች ጣሪያ የምታይ ከሆነ አቅም የላትም። ሌላም አለ። እግሯን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ቀዝቃዛ ከሆነ ጫጩቷ በርዷታል። ሰዎች ሲያዩኝ ጫጩት የምስም ይመስላቸዋል፣ ይሳቁ። የእኛ መንገድ ደግሞ ክፉ ነው። አባይ በረሃ ውስጥ መኪናው ከቆመ በሙቀት ያለከልካሉ። ደጀንን ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ብርዱ ይቀበላቸዋል። ላባቸው ረጥቦ የደረሱ ጫጩቶች ይህን ነው ያዩት።

ክብደት የምትመዝኑ ከሆነ 40 ግራም አካባቢ ጥሩ ነው። ከ35 በታች የሆኑት ሲበዙ ጠይቁ። ከክብደቱ ይልቅ ግን እኩልነታቸው ያሳስባችሁ። ትልቁ ትንሹን ከመኖው ያባርረዋል።

ዐይን የማያየውም አለ። ማሬክስ የሚባለው፣ ዶሮን ሽባ የሚያደርገው በሽታ ክትባት የሚሰጠው እዚያው መፈልፈያው ቤት፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ያልተከተበች ጫጩት ዛሬ ስታዩአት እንደ ተከተበችው ናት። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ነው። ቄቧ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታ ትተኛለች። ያን ጊዜ የመኖውን ብር ጨርሳችኋል። ስለዚህ የክትባት ወረቀት ጠይቁ። በቃል «ተከትቧል» የሚለውን እኔም ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ለእንቁላል ከሆነ ደግሞ ቀለም እዩ። ቦቫንስ ብራውንና ሎህማን ብራውን የሚባሉት የእንቁላል ዝርያዎች ሴቶቹ ቡናማ ናቸው፣ ወንዶቹ ወደ ነጭ ያደላሉ። ኮይኮይክ በሚባለው ዝርያ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንዱ ነው። በጣም ረከሰ ካሏችሁ እንቁላል የማይጥሉ ወንዶች እንዳይሆኑ አናታቸውን እያያችሁ ቁጠሩ።

አንድ ነገር በእውነት ልናገር። የሞተ ሁሉ የሻጩ ጥፋት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ሆዳቸው አብጦ የሚሞቱት በብዛት ይዘውት የመጡት ነው። ጥግ ላይ ተደራርበው ተጨፍልቀው ያገኛችኋቸው ግን የእናንተ ናቸው። ቤቱ ቀዝቅዞባቸው ነው። ጫጩቱ ከመምጣቱ ከአንድ ቀን በፊት ቤቱን አሙቁት። ጫጩቶቹ በሚውሉበት ቦታ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይሁን። መብራት ስለሚጠፋ ከሰል አዘጋጁ። ግን ቤቱን አፍናችሁ አትዝጉት፣ የከሰል ጭስ እነሱንም እናንተንም ይገድላል።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ስትረከብ አብሬያት ነበርሁ። ገና ጀማሪ ናት። አራት ሳጥን መጣላት። እያንዳንዱን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ገለበጠች። ከአንዱ ሳጥን ካነሳቻቸው አሥር ስድስቱ እምብርታቸው እርጥብ ነው። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል፣ ያጉረመርማል። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ተይው ልጄ» ልላት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሷ ግን ፎቶ አነሳች፣ ርክክቡ ወረቀት ላይ «ሦስት ሳጥን» ብላ ጻፈች፣ አራተኛውን መኪናው ላይ መለሰችው። ከዚያ ሾፌሩን እጁን ይዛ አስገብታ ቁርስ አቀረበችለት። በላ፣ ቡና ጠጣ፣ ሳጥኑን ይዞ ሄደ።