ቦክስ ጊታር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ አንገቱን እዩ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቦክስ ጊታር ናቸው። የሁላችሁም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ በአቅማችን ጥሩ ጊታር ይገኛል ወይ? ይገኛል። ግን ጥሩነቱ ከስሙና ከውበቱ ይልቅ ያለው በአንገቱና በክሮቹ ከፍታ ላይ ነው። ከታች ደጋግሜ የምለው ይህንኑ ነው፣ አትሰልቹኝ። ዋጋ ግን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

*

«ጋሼ፣ ስድስት ኪሎ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ብር አጠራቅሜ ሁለት ጊታር መርጫለሁ። አንዱ ያገለገለ ያማሃ ኤፍ 310 ነው፤ ፊቱ ተጫጭሯል። ሌላው ስሙን ሰምቼው የማላውቀው አዲስ ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ኢኳላይዘርም (ከስፒከር ጋር ሲገናኝ የድምፅ ማስተካከያ) አለው። ዋጋቸው እኩል ነው። ጓደኞቼ አዲሱን ግዛ እያሉኝ ነው።»

ወንድሜ፣ ጓደኞችህ በዓይናቸው ነው የመረጡልህ። አንተ በእጅህ ምረጥ።

መጀመሪያ አንገቱን እይ። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንህ አስጠግተህ ከራስጌው ወደ ሣጥኑ አሻግረህ ተመልከት። አንገቱ ቀጥ ያለ ወይም እጅግ በጣም ትንሽ ጎበጥ ያለ መሆን አለበት። ወደ ጎን ከተጠማዘዘ እንዳትነካው፤ ማንም አያድነውም። ከዚያ ማስመሪያህን አውጣ (ተማሪ ነህና አታጣም) እና 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ከራስጌው ሲቆጠር 12ኛው) ላይ አቁመው። ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለው ክፍተት ሁለት ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ፣ ቀጭኑ ክር ጋ ደግሞ ሁለት አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ሦስት ተኩልና አራት ሚሊሜትር ካገኘህ ጣትህ ፍዳውን ያያል። ስንቱ ልጅ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ጊታሩን ቁም ሣጥን ላይ የሰቀለው በዚህች አንዲት ሚሊሜትር ምክንያት ነው! ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ምታው። ሻጩ ቢቸኩል አንተ አትቸኩል። የሆነ ቦታ ላይ ዝዝ የሚል ድምፅ ከሰማህ፣ ወይም ሁለት ጎረቤት ፍሬቶች አንድ ዓይነት ድምፅ ካወጡ፣ የተነሣ ወይም የተበላ ፍሬት አለ ማለት ነው። ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ ብቻ አድርገህ ምታና የሚወጣውን የደወል ድምፅ ስማ፤ አሁን እዚያው ተጭነህ ምታ። ሁለቱ ድምፆች እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ጊታሩ ወደ ሣጥኑ በሚጠጉት ፍሬቶች ላይ መቼም ቅኝት አይሆንልህም። በመጨረሻ ብሪጁን እይ። ክሮቹ የታሰሩበት ጥቁሩ እንጨት ከኋላው ተነሥቶ ከሥሩ ወረቀት የሚገባ ከሆነ ኮላው እየለቀቀ ነውና ተወው።

ኤፍ 310 የታወቀ የጀማሪ ጊታር ነው። ፊቱ ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ሳይሆን ተደራራቢ ነው፣ እኛ ኮምፔንሳቶ የምንለው ዓይነት፤ ስለዚህ ድምፁ እንደ ውድ ጊታር ጥልቀት የለውም፤ ግን ጠንካራ ነው፣ አገልግሎም ዋጋውን ይይዛል፣ ነገ ልሽጠው ብትል ገዢ አታጣም። ጭረት ድምፅ አይቀንስም። ኢኳላይዘሩን በተመለከተ፣ አንተ ዶርም ውስጥ ነው የምትጫወተው፣ ምን ያደርግልሃል? ዋጋው እኩል ሆኖ አንዱ ላይ ኢኳላይዘር ከተጨመረ፣ ብሩ የተቀነሰው ከእንጨቱና ከሥራው ላይ ነው ብለህ ጠርጥር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የያማሃ ስም የተለጠፈበት ሐሰተኛም አለ። በድምፅ ቀዳዳው በኩል ወደ ውስጥ አብራና ወረቀቱን አንብብ፤ የሞዴሉ ጽሑፍ የደበዘዘ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ከሆነ፣ ተከታታይ ቁጥርም ከሌለው አትግዛ። ከቻልክ ጊታር የሚችል ሰው ይዘህ ሂድ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች እዚያው በእናንተው ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፤ አንዱን ቡና ጋብዘው።

*

«የ9 ዓመት ልጄ ጊታር ካልገዛችሁልኝ ብላ አስጨንቃን ገዛንላት። አሁን ጣቴን ያመኛል እያለች ታለቅሳለች። አስተማሪዋ ትለምደዋለች ይላል። አባቷ ደግሞ ብር አባከንን ብሎ ተቆጥቷል። አራት ኪሎ ነው የምንኖረው።»

እህቴ፣ ልጅሽ አላጠፋችም፣ እናንተም አላጠፋችሁም። የገዛችሁላት የሽቦ ክር ያለው ትልቅ ጊታር ይመስለኛል። የሽቦ ክር ሲወጠር ጊታሩን በጠቅላላ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው የሚስበው፤ የናይለን ክር ግን ወደ 40 ኪሎ አካባቢ ነው። ለ9 ዓመት ጣት ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። አዋቂም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቱ ጫፍ ያመዋል፣ ያ ጤነኛ ሕመም ነው። የሚያስለቅስ ከሆነ ግን ጊታሩ ነው የማይሆናት።

በናይለን ክር ጊታር ለውጡላት፣ ከተቻለ ደግሞ አነስ ያለ፣ ሦስት አራተኛ የሚባለውን መጠን ፈልጉ። ያማሃ ሲጂኤስ 103 የሚባለው እንዲህ ዓይነት ነው። ሙሉ መጠኑን፣ ለምሳሌ ሲ 40ን፣ ከፍ ስትል ትደርስበታለች። የናይለን ጊታር አንገቱ ሰፋ ይላል (ሲ 40 ራስጌው ላይ 52 ሚሊሜትር ነው፣ ኤፍ 310 ደግሞ 43) ስለዚህ ትንሽ እጅ ሙሉውን መጠን ለመጨበጥ ይቸገራል። በምንም ዓይነት ግን የናይለን ጊታር ላይ «ድምፁ ይጨምራል» ተብሎ የሽቦ ክር እንዳይገባበት! ብሪጁን ነቅሎ ነው የሚያወጣው። በአንድ ሌሊት ላይሆን ይችላል፣ ግን መንቀሉ አይቀርም።

የገዛችሁትን ቶሎ ሽጡት። ለአባቷም ንገሪልኝ፣ ልጅቱ እያለቀሰችም መለማመዷን አላቆመችም። ይህቺ ልጅ ጊታር ትወዳለች።

*

«ጥያቄ የለኝም፣ ልምዴን ላካፍል ብዬ ነው። ፒያሳ ሳይፈርስ ከአንድ ሱቅ ርካሽ የቻይና ጊታር ገዝቼ ነበር። ኤፍ ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክር አንድ ላይ የሚጫንበት) በጭራሽ አይያዝልኝም። ልሸጠው ስል አንድ የሰፈራችን እንጨት ሠራተኛ ክሩን ፈታና ነጯን ቁራጭ አውጥቶ ከሥር ሞረዳት። በቃ፣ ሌላ ጊታር ሆነ። አሁን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የማጅበው በእሱ ነው።»

ይህን ደብዳቤ ሳነብ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር ይሄ ነው።

ያቺ ነጭ ቁራጭ ሳድል ትባላለች፤ ብሪጁ ላይ ተሰክታ ክሮቹ የሚያርፉባት ናት። ርካሽ ጊታሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ሳድላቸው ብዙ ጊዜ ከፍ ተደርጎ ይተዋል፣ ምክንያቱም ክሩ ከፍ ካለ ዝዝታ አይኖርም፣ ዝዝታ ከሌለ ደግሞ ገዢ አይመልስም። አስተካክሎ ለመሥራት የሰው እጅና ሰዓት ያስፈልጋል፣ ርካሽ ጊታር ላይ የተቆጠበውም ያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ያንን ሰዓት እናንተ ጨምሩበት። የብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሳድሏን ሥር ቀጥ አድርጋችሁ ፈግፍጉ። ላይዋን አትንኩ፣ ሥሯን ብቻ። ስሌቱ ይሄ ነው፤ ከሳድሏ 1 ሚሊሜትር ሲነሣ 12ኛው ፍሬት ላይ የሚወርደው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ፈግፍጋችሁ፣ ክሩን መልሳችሁ፣ ቃኝታችሁ ለኩ። እንደገና ትንሽ። አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውም፣ አዲስ ሳድል መግዛት ነው። ወይም ከደረቀ የበሬ አጥንት ማስቀረጽ፤ አጥንት ከፕላስቲኩ የተሻለ ድምፅ ያስተላልፋል።

ከሳድሉ በፊት ግን አንገቱ ይታይ። ጎብጦ ከሆነ ውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል ብረት አለ፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ብሩጎላ የሚሉት፣ ያስተካክለዋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ፤ እምቢ ካለ አታስገድዱት። የናይለን ጊታሮች አብዛኞቹ ይህ ብረት የላቸውም።

ለሁላችሁም የምመክረው፣ ካላችሁ ብር ላይ ሁልጊዜ ቀንሳችሁ ለማስተካከያና ለአዲስ ክር አስቀሩ። ጠቅላላውን ለጊታሩ ከፍላችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ።

*

«እህቴ ከአሜሪካ ያማሃ ኤፍጂ 800 ላከችልኝ። ድምፁ ልዩ ነው። ጥር ላይ ግን መንዘርዘር ጀመረ፣ የፍሬቶቹም ጫፍ እጄን ይቧጭረኛል። ጡረታ ወጥቼ ነው የጀመርኩት። ተበላሽቶ ይሆን? ከለገሃር።»

አልተበላሸም፣ አይስጉ። ጊታርዎ ተጠምቶ ነው።

ኤፍጂ የሚባለው የያማሃ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው፤ ኤፍጂ 800 ደግሞ ፊቱ አንድ ወጥ የስፕሩስ እንጨት ነው። በዚህ ዋጋ ይህን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፣ እህትዎ አዋቂ ናት። ወጥ እንጨት እየቆየ ድምፁ ይከፈታል፣ ግን ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። በእኛ በጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት ቀትር ላይ፣ አዲስ አበባ ከዚያ በታች ትደርቃለች። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ አይኮማተርም፣ ስለዚህ ጫፉ ወጣ ይልና ይቧጭራል። የሣጥኑ ፊትም ወደ ታች ስለሚሰምጥ ክሩ ዝቅ ብሎ ይንዘረዘራል። ሐምሌ ላይ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሣጥኑ ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ክዳን ያለው የሳሙና ማስቀመጫ ብዙ ቦታ ይብሱት፣ ውስጡ ስፖንጅ ያድርጉ፣ ስፖንጁን አርሰው አጥብቀው ይጭመቁት። ጠብ የሚል ውኃ እንዳይኖር። ጊታሩ ኬዙ ውስጥ ሲተኛ ራስጌው አጠገብ ያስቀምጡትና ኬዙን ይዝጉ። ስፖንጁ ሲደርቅ እንደገና ያርሱት። ጊታሩን ግድግዳ ላይ በመስኮት አንጻር አይስቀሉት፣ መኪና ውስጥም ፀሐይ ላይ አይተዉት። ጥቂት ሳምንት ይታገሡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ማንም ሳድሉን ወይም ፍሬቱን እንዳይሞርድብዎ፣ ክረምት ሲመጣ ይቆጭዎታል።

*

«ትዝታና አንቺሆዬ በርካሽ ጊታር ይወጣሉ ወይስ ሌላ ዓይነት ጊታር ያስፈልጋል?»

ይወጣሉ። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ከጀመርሽው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ የትኛውም ጊታር ላይ አለ። አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉትና ቅኝቱ የተዛባ ጊታር ላይ ቶሎ ይሰማል። ለዚህ ነው ከላይ ያልኩት የ12ኛው ፍሬት ፈተና ለእኛ ዜማ የሚበልጥ ዋጋ ያለው። ክራር መቺ ክሩን በጆሮው ይቃኛል፣ ጊታር ላይ ግን ፍሬቱ የተቀመጠበት ነው የሚወጣው። ድምፁን ማሽሞንሞን ከፈለግሽ የሽቦ ክር፣ ቀጠን ያለውን 10 ወይም 11 ቁጥር፣ አስገቢ፤ ክሩን በጣትሽ ገፋ ስታደርጊው ድምፁ ተንሸራቶ ይወጣል። ናይለን ላይ ይህ ብዙም አይሆንም።

*

«ክር መቼ ነው የሚቀየረው? ሲበጠስ ነው?»

ኧረ ሲበጠስ አይደለም! ሲዝግ፣ ሲጠቁር፣ ወይም ቃኝተኸው ወዲያው ሲወርድ ቀይር። በየቀኑ የምትጫወት ከሆነ በሁለት በሦስት ወር አንዴ። ተጫውተህ ስትጨርስ በደረቅ ጨርቅ ክሩን ከላይም ከሥርም ጥረገው፣ ዕድሜው ይረዝማል። ስትቀይርም ሁሉንም አንድ ላይ ከምትፈታ አንዱን አውጥተህ አንዱን አስገባ፣ አንገቱ ላይ ያለው ውጥረት በአንድ ጊዜ አይለቅም። የመቃኛ አፕ ደግሞ ስልክህ ላይ በነፃ ጫን።