ፊልሙ እጃችን ላይ እያለ ለምን ድጋሚ ሲቲ ስካን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ ከሞተር ሳይክል ወድቆ የግራ ጉንጩና የዓይኑ ሥር አጥንት ተሰበረ። በወደቀበት ሌሊት ሲቲ ስካን ተነስቷል፤ ፊልሞቹ እቤት አሉ። እብጠቱ ጎድሏል፣ ግን ወደ ላይ ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ይሆንበታል። ቀዶ ጥገናውን የሚሠሩለት ሐኪም ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ይሄ ለስሪ ዲ አይሆነኝም፣ ድጋሚ ይነሳ» አሉን። ጨረሩ አይበዛበትም? ወይስ ማስከፈያ ነው? (እህቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጠርጠርዎ አልፈርድብዎትም፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚደገም ምርመራ አይጠፋም። የወንድምዎ ግን ከዚያ የሚመደብ አይመስለኝም።

ሲቲ ስካን ጭንቅላትን እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ነው የሚያነበው። ማሽን ክፍል ያሉት «ስላይስ» ይሉታል። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ዋናው ጭንቀት አንጎል ውስጥ ደም ፈሷል ወይ የሚለው ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፊልም ላይ የሚታተመው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ገጽ ነው። ለደሙ ይበቃል። ዓይንን ከታች የሚሸከመው አጥንት ግን ቦታ ቦታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ ባለ ወፍራም ገጽ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ከዚያ ስሪ ዲ፣ ማለትም ገጾቹን ደራርቦ ፊቱን እንደ ቅርጽ የሚያሳይ ምስል፣ ልሥራ ቢሉ ፊቱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። እኛ የምንፈልገው 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ ገጽ ነው፤ ያውም በኮምፒውተር ፋይል። ከፊልም ላይ ስሪ ዲ አይሠራም።

ፋይሉ ሲገኝ ያልተሰበረውን የቀኝ ፊት በኮምፒውተር እንደ መስታወት እንገለብጠውና በግራው ላይ እናስቀምጠዋለን። ጉንጩ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንደገባ፣ የዓይን ጎድጓዳው ምን ያህል እንደሰፋ ያኔ ይለካል። የስሪ ዲ ማተሚያ ካለ የራስ ቅሉ ቅርጽ በልኩ ይታተምና የተሰበረውን አጥንት የሚደግፈው የታይታኒየም ብረት (ፕሌት) ከቀዶ ጥገናው በፊት በእሱ ላይ ይታጠፋል። ታካሚው ተኝቶ ፕሌት ማጠፍ፣ መለካት፣ ደግሞ ማጠፍ ቀረ ማለት ነው። ይህን ሥራ ከሁሉ እወደዋለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ብሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም።

ደግሞ በስሪ ዲው ውበት አትታለሉ። ጀማሪ ሳለሁ በአንዲት ታካሚ ምስል ላይ ከዓይን ሥር አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አይቼ ትልቅ ፕሌት አዘጋጀሁ። ስከፍተው አጥንቱ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ አብዛኛው በቦታው አለ! ኮምፒውተሩ በጣም የሳሳውን አጥንት ከሥጋ መለየት ሲያቅተው ቀዳዳ አድርጎ ይሥለዋል። ከዚያ ወዲህ ግራጫዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ሳላይ ቢላ አላነሳም።

ጨረሩን በተመለከተ፣ አንድ የራስ ሲቲ ስካን 2 ሚሊ ሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ሰው በዓመት ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ለአንድ ጎልማሳ፣ ዓይኑን ለሚያስተካክል ቀዶ ጥገና፣ እኔ ብሆን እነሳለሁ። ያለ ምክንያት ግን አንድም አይነሳ።

ምናልባትም ሳይነሳ ይቀር ይሆናል። ብዙ ማሽን በስስ አንስቶ ነው አወፍሮ የሚያትመው፤ ስስ ገጾቹ መጀመሪያ በተነሳበት ቦታ ኮምፒውተር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ሄዳችሁ «የአጥንቱን ስስ ስላይስ በሲዲ ስጡን» በሉ። ማከማቻው ሲሞላ ቀድሞ የሚደመሰሰው እሱ ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

እስከዚያው አፍንጫውን በኃይል አይናፈጥ። ዕይታው ከቀነሰ፣ ወይም ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሳ የሚያስመልሰውና የሚያዞረው ከሆነ፣ ሲዲም ቀጠሮም ሳትጠብቁ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሲዲውን ስትቀበሉ እዚያው አስከፍታችሁ እዩት። ሩቅ መንገድ ተጉዘው ባዶ ሲዲ ያስረከቡኝ ሰዎች አሉ።